“አድጓል” ሲባል፦ በሳንባ ካንሰር ዒላማ ተኮር ሕክምና ወቅት የሲቲ ስካን ለውጥ እንዴት ይነበባል?

ባሕር ዳር፦ በሳንባ ካንሰር ተይዞ ዒላማ ተኮር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ ሲቲ ስካን ይነሣል። የውጤቱ ወረቀት ከታካሚው እጅ ሲገባ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚፈልገው አንድ ቃል ነው፤ “ቀንሷል” ወይስ “አድጓል”? ቀንሷል ከተባለ ቤቱ በደስታ ይሞላል። አድጓል ከተባለ ደግሞ መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ ተስፋ ይቆረጣል። በዚህ ስሜት ውስጥ የሚወሰን ውሳኔ ከባድ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ገና እየሠራ ያለ መድኃኒት በችኮላ ይቋረጣል፤ ወይም መሥራት ያቆመ መድኃኒት ለወራት ሲወሰድ ይከርማል።

የካንሰር ሐኪሞች እና የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች ምስሉን በአንድ ቃል አያነቡትም። አንድ ምስል ብቻውን የሚናገረው ጥቂት ነው። ትርጉም የሚያገኘው ከቀደሙት ምስሎች፣ ከታካሚው የጤና ሁኔታ እና ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ሲተያይ ነው።

ዒላማ ተኮር ሕክምና ምንድን ነው?

ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን በጅምላ ያጠቃል። በዚህም ምክንያት ከካንሰሩ በተጨማሪ የጸጉርን ሥር፣ የአፍና የአንጀትን ሽፋን እንዲሁም የደም ሕዋሳትን ይነካል። ዒላማ ተኮር መድኃኒት በአንጻሩ የካንሰሩ ሕዋስ ያለማቋረጥ እንዲባዛ የሚገፋፋውን የተዛባ የዘረ መል ትእዛዝ ለይቶ ያግዳል። አብዛኛውን ጊዜ በቤት የሚዋጥ ኪኒን ነው።

በኢትዮጵያ ከሚታወቁት የዚህ ሕክምና ምሳሌዎች አንዱ ኢማቲኒብ፣ በንግድ ስሙ ግሊቬክ የሚባለው ኪኒን ነው። መድኃኒቱ ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ላለባቸው ሕሙማን በዓለም አቀፍ የርዳታ መርሐ ግብር አማካኝነት በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል። በዚያ ሕመም የመድኃኒቱ ውጤት በዋናነት የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። በሳንባ ካንሰር ግን ዋናው ምስክር ምስል ነው። የምስሉ አነባበብ ይህን ያህል ክብደት የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

ለሳንባ ካንሰር የተሠራው ጌፊቲኒብ የተባለው ኪኒን በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ በ2003 ነበር። በወቅቱ ብዙዎቹን ታካሚዎች ሳይረዳ ጥቂቶቹን ግን በሚያስደንቅ ፍጥነት ያሻሽል ነበር። ምክንያቱ የታወቀው በቀጣዩ ዓመት ነው። መድኃኒቱ የሠራላቸው ሰዎች ዕጢ ኢ.ጂ.ኤፍ.አር በሚባለው ዘረ መል ላይ ለውጥ እንዳለበት ተመራማሪዎች ደረሱበት። እ.ኤ.አ በ2007 ደግሞ ኤ.ኤል.ኬ የተባለው ሌላ የዘረ መል ለውጥ በሳንባ ካንሰር ውስጥ ተገኘ፤ ለእርሱም ክሪዞቲኒብ እና አሌክቲኒብን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ተሠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2019 ኤርሎቲኒብን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ሲያካትት ጌፊቲኒብን እና አፋቲኒብን በአማራጭነት አስቀምጧል።

እነዚህ የዘረ መል ለውጦች ሲጋራ አጭሰው በማያውቁ የሳንባ ካንሰር ታካሚዎች ላይ ይበልጥ ይታያሉ። ይህ ለኢትዮጵያ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ በ2016 በተደረገው ሀገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት መሠረት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ ብቻ ነበር። “አላጨስም፤ የሳንባ ካንሰር አይዘኝም” የሚለው እምነት ግን ትክክል አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨት እና የኩበት ጭስን ካንሰር የማምጣት ዕድል እንዳለው አድርጎ መድቦታል።

መነሻው የመጀመሪያው ምስል ነው

ኪኒኑ ከመጀመሩ በፊት የሚነሣው ሲቲ ስካን መነሻ ምስል ይባላል። ባለሙያው በዚህ ምስል ላይ በግልጽ ሊለኩ የሚችሉ ዕጢዎችን ይመርጥና ረጅሙን ዲያሜትራቸውን በሚሊ ሜትር ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ የሚነሡት ምስሎች ሁሉ ከዚህ መዝገብ ጋር ይነጻጸራሉ።

ለዚህ ሥራ በዓለም ዙሪያ የሚያገለግለው መለኪያ ሬሲስት በሚል ምሕፃረ ቃል ይታወቃል። እ.ኤ.አ በ2000 ወጥቶ በ2009 ተሻሽሏል። በዚህ መለኪያ መሠረት ቢበዛ አምስት ዕጢዎች ይመረጣሉ፤ ከአንድ የሰውነት ክፍል ግን ከሁለት አይበልጡም። የልኬታቸው ድምር ከመነሻው በ30 በመቶና ከዚያ በላይ ከቀነሰ “ከፊል ምላሽ” ይባላል። ድምሩ እስከዚያ ጊዜ ከተመዘገበው ዝቅተኛ መጠን በ20 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ቢያንስም በ5 ሚሊ ሜትር ከጨመረ፣ ወይም በእርግጥ ካንሰር የኾነ አዲስ ዕጢ ከታየ “ሕመሙ ገፍቷል” ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ “የተረጋጋ ሕመም” ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። መቀነስ የሚለካው ከመነሻው ምስል ነው። ማደግ የሚለካው ግን ካንሰሩ ከደረሰበት ዝቅተኛ መጠን ነው። ይህን ልዩነት አለማወቅ የብዙ ግራ መጋባት ምንጭ ነው።

በቁጥር ሲታይ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ በሰባታሚት የምትኖር አንዲት ምናባዊ ታካሚ በምሳሌነት ትታሰብ። የመጀመሪያውን ሲቲ ስካን በባሕር ዳር ተነሥታለች። በሳንባዋ ላይ 40 እና 25 ሚሊ ሜትር፣ በጉበቷ ላይ 15 ሚሊ ሜትር የኾኑ ዕጢዎች ተለክተዋል፤ ድምሩ 80 ሚሊ ሜትር ነው። ኪኒኑን በጀመረች በሦስተኛው ወር ድምሩ 48 ኾነ። ከመነሻው 40 በመቶ ቀንሷልና ከፊል ምላሽ ነው። በስድስተኛው ወር ደግሞ 45 ደረሰ። ይህ ዝቅተኛው መጠን ነው።

በዘጠነኛው ወር ድምሩ 50 ኾነ። በወረቀቱ ላይ “መጠነኛ ጭማሪ” የሚል ቃል ተጽፏል፤ ቤተሰቡም ደነገጠ። ነገር ግን ከ45 ወደ 50 ያለው ጭማሪ 11 በመቶ ገደማ ነው። በመለኪያው መሠረት ሕመሙ የተረጋጋ ነው፤ ሐኪሙም መድኃኒቱ እንዲቀጥል ያዛል።

በዐሥራ ሁለተኛው ወር ድምሩ 55 ደረሰ። አሁን ከዝቅተኛው መጠን በ22 በመቶ፣ ማለትም በ10 ሚሊ ሜትር ጨምሯል። በመለኪያው መሠረት ሕመሙ ገፍቷል።

ታካሚዋ ለዚህ የመጨረሻ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ሄዳ ቢኾንና የዘጠነኛውን ወር ፊልም ብቻ ይዛ ቢኾን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? ከ50 ወደ 55 ያለው ልዩነት 10 በመቶ ብቻ ስለኾነ “የተረጋጋ” ይባላል። የመነሻውን ፊልም ብቻ ይዛ ቢኾን ደግሞ ከ80 ወደ 55 በመውረዱ “በ31 በመቶ ቀንሷል፤ ጥሩ ምላሽ ነው” ተብሎ ትመለሳለች። ሦስቱም ስሌቶች በሂሳብ ትክክል ናቸው። የሕመሙን አካሄድ የሚያሳየው ግን የስድስተኛው ወር ምስል ሲገኝ ነው። ቀስ በቀስ የሚያድግ ካንሰር ካለፈው ምስል ጋር ብቻ እየተነጻጸረ ሳይታወቅ ሊቆይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሚሊ ሜትር ሁሉ ዕድገት አይደለም

የአንድ እና የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት ካንሰሩ ሳይለወጥም ሊመጣ ይችላል። ታካሚው በመጀመሪያው ምርመራ ትንፋሹን በሚገባ ስቦ፣ በሁለተኛው ግን ግማሹን ብቻ ስቦ ከኾነ ሳንባው እኩል አይነፋም። የምስሉ ንጣፍ ውፍረት፣ የማሽኑ ዓይነት፣ በደም ሥር የሚሰጠው ኮንትራስት መኖርና አለመኖር እንዲሁም የለካው ባለሙያ ልዩነት ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ጠርዙ ያልተስተካከለን ዕጢ ሁለት ባለሙያዎች ከተለያየ ቦታ ሊለኩት ይችላሉ። መለኪያው 20 በመቶን እና 5 ሚሊ ሜትርን በአንድነት የሚጠይቀው ይህን ስሕተት ለመከላከል ነው።

መጠን ብቻውን የማያሳያቸው ለውጦችም አሉ። ዕጢው ሳይቀንስ መሐሉ ሊቦረቦር፣ ወይም ጥቅጥቅ ያለው ክፍሉ ሊሳሳ ይችላል። ይህ አንዳንድ ጊዜ የካንሰሩ ሕዋሳት እየሞቱ መኾናቸውን ያመለክታል።

በአጥንት ላይ ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነገር ይከሰታል። ወደ አጥንት የተሰራጨ ካንሰር በመድኃኒቱ ሲድን አጥንቱ ራሱን ይጠግናል፤ የተጠገነውም ቦታ በምስሉ ላይ ነጭ ኾኖ ይታያል። በመጀመሪያው ምስል ላይ ያልተስተዋለ ቦታ በዚህ መንገድ ብቅ ሲል አዲስ ካንሰር ይመስላል። በሳንባ እና በጉበት ያሉት ዕጢዎች እየቀነሱ፣ ሕመምተኛውም እየተሻለው ሳለ በአጥንት ላይ ብቻ አዲስ ነጭ ምልክት ከታየ ሐኪሞች የመዳን ምልክት ሊኾን እንደሚችል ያስባሉ። በዚህ ጊዜ ሕክምናውን ከመቀየር ይልቅ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ምርመራውን መድገም የተለመደ ነው።

አዲስ ጥላ ሁሉ ካንሰር አይደለም

በአማርኛ “ነቀርሳ” የሚለው ቃል ለካንሰርም ለቲቢም ያገለግላል። ሁለቱ ሕመሞች በስም ብቻ ሳይኾን በምስልም ይመሳሰላሉ። ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ከፍተኛ ከኾነባቸው ሀገራት ተርታ የምትመደብ በመኾኗ ካንሰር ያለበት ሰው ቲቢም ሊይዘው ይችላል። በሳንባ የላይኛው ክፍል የታየ አዲስ ጥላ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ እና የክብደት መቀነስ ካንሰሩ መግፋቱን ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ ቲቢም ሊኾኑ ይችላሉ። ለዚህም የአክታ ምርመራ፣ አንዳንዴም ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል።

ቲቢ ከተገኘ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በቲቢ ሕክምና ውስጥ ዋና የኾነው ሪፋምፒሲን እንደ ጌፊቲኒብ፣ ኤርሎቲኒብ እና ኦሲመርቲኒብ ያሉ ኪኒኖች በደም ውስጥ የሚኖራቸውን መጠን በእጅጉ ይቀንሳል። ታካሚው ኪኒኑን ሳያጓድል እየወሰደ ካንሰሩ ሊያድግ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የቲቢውም የካንሰሩም ሐኪም ስለሌላው መድኃኒት ማወቅ አለባቸው።

መድኃኒቱ ራሱም ሳንባን ሊያስቆጣ ይችላል። ከ100 ታካሚዎች በጥቂቶቹ ላይ በሳንባ ውስጥ የተሰራጨ ብግነት ይፈጠራል፤ በምስሉም ላይ እንደ ጭጋግ ያለ ጥላ ይታያል። ይህ ካንሰር ባይኾንም ለሕይወት አደገኛ ሊኾን ይችላል። በተቃራኒው ኦሲመርቲኒብ በሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ላይ ምንም ሕመም ሳይሰማቸው ትንንሽ ጥላዎች ብቅ ብለው በራሳቸው ይጠፋሉ። ቀደም ሲል በደረት ላይ የተሰጠ የጨረር ሕክምናም ከወራት በኋላ ጠባሳ ይተዋል። አንድን ጥላ ከሌላው ለመለየት ሐኪሙ “ትንፋሽ አጥሮሃል ወይ? ሳልህ ደረቅ ነው ወይ? ትኩሳት አለ ወይ?” እያለ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ካንሰሩ በእርግጥ ሲገፋ

ዒላማ ተኮር መድኃኒት የተሰራጨ የሳንባ ካንሰርን ለረጅም ጊዜ ሊገታ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ካንሰሩ ውሎ አድሮ መድኃኒቱን ይላመዳል። እ.ኤ.አ በ2018 ይፋ በኾነ ዓለም አቀፍ ጥናት ኦሲመርቲኒብ በመጀመሪያ ሕክምናነት ሲሰጥ ሕመሙ ሳይገፋ የቆየበት አማካይ ጊዜ 18.9 ወር ሲኾን በቀደሙት ጌፊቲኒብ ወይም ኤርሎቲኒብ ግን 10.2 ወር ነበር።

በመለኪያው “ሕመሙ ገፍቷል” መባል ግን መድኃኒቱ በዚያው ቀን ይቁም ማለት አይደለም። መለኪያው በዋናነት የተዘጋጀው ለምርምር ነው፤ ሐኪሙ የሚያክመው ግን ሰውን ነው። ዕድገቱ አዝጋሚ ከኾነ፣ ታካሚውም ደኅና ከኾነ፣ መድኃኒቱን በክትትል ማስቀጠል አንዱ አማራጭ ነው። በእስያ በኤርሎቲኒብ በተደረገ ጥናት መድኃኒቱን በዚህ መንገድ የቀጠሉ ታካሚዎች በአማካይ ወደ ሦስት ወር ገደማ ተጨማሪ ጊዜ አግኝተዋል። አብዛኛው ካንሰር ተገትቶ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ብቻ ካደገ ደግሞ ያንን ቦታ በጨረር አክሞ ኪኒኑን ማስቀጠል ይቻላል።

ዕድገቱ ፈጣንና በብዙ ቦታ ከኾነ፣ የታካሚውም ሁኔታ እያሽቆለቆለ ከሄደ፣ መድኃኒቱ መቀየር ይኖርበታል። ከመቀየሩ በፊት ካንሰሩ እንዴት እንደተላመደ ማወቅ ይጠቅማል። ጌፊቲኒብን ወይም ኤርሎቲኒብን ከተላመዱት ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ላይ አንድ የታወቀ ተጨማሪ የዘረ መል ለውጥ ይገኛል፤ ኦሲመርቲኒብ በመጀመሪያ የተሠራውም ለዚህ ለውጥ ነበር። በጥቂቶች ላይ ካንሰሩ ዓይነቱን ቀይሮ ሌላ ሕክምና የሚፈልግ ይኾናል። ይህን ምስል አይናገርም፤ የናሙና ወይም የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

አንጎልም የተለየ ትኩረት ይሻል። የመጀመሪያዎቹ ኪኒኖች ወደ አንጎል በሚገባ አይደርሱም። የደረት ምስል እጅግ መልካም ኾኖ ሳለ ካንሰሩ በአንጎል ሊያድግ ይችላል። የደረት ሲቲ ስካን አንጎልን ስለማያሳይ የማያቋርጥ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል እና የሚጥል በሽታ ምልክት ሲታይ የአንጎል ምርመራ መጠየቅ አለበት።

ታካሚዎችና ቤተሰቦች ምን ማድረግ ይችላሉ?

በሀገራችን የምርመራ ፊልሙን እና ሲዲውን ከሆስፒታል ሆስፒታል የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ታካሚው ራሱ ነው። ከባሕር ዳር እና ከጣና ዙሪያ አካባቢዎች ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሚመጣ፣ ከዚያም ለተጨማሪ ምርመራ ወደ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የሚላክ ሰው ታሪኩ በእጁ ነው። ስለዚህ የመነሻውን ጨምሮ ሁሉንም ፊልሞች፣ ሲዲዎችና ወረቀቶች ቀን ጽፎ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ከመድኃኒቱ እኩል ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ ነው። የጽሑፍ ውጤቱ ብቻውን አይበቃም፤ አዲሱ ባለሙያ ዕጢውን ራሱ መለካት ይፈልጋልና።

ከተቻለ ክትትሉ በአንድ ተቋም፣ በአንድ ማሽን እና በተመሳሳይ አነሣሥ ቢኾን ይመረጣል። ምርመራውን የሚያዝዘው ወረቀት ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ የተጀመረበት ቀን እና ከዚህ በፊት የተሰጠ የጨረር ሕክምና ቢጻፍ ምስሉን ለሚያነበው ባለሙያ ትልቅ እገዛ ነው።

ውጤቱ ሲነገር ለሐኪሙ ሊቀርቡ የሚገባቸው ጥያቄዎችም አሉ። “አድጓል” የተባለው ከየትኛው ምስል ጋር ተነጻጽሮ ነው? በስንት ሚሊ ሜትር? ያደገው አንድ ቦታ ነው ወይስ ሁሉም? አዲሱ ጥላ ቲቢ፣ ሌላ ኢንፌክሽን ወይም የመድኃኒቱ ጉዳት ሊኾን ይችላል? ምርመራውን ከሳምንታት በኋላ መድገም ይጠቅማል?

መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ በ2011 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የተላመዱትን ኪኒን ካቆሙ 61 ታካሚዎች በ14ቱ ላይ ሕመሙ በቀናት ውስጥ በፍጥነት ተባብሷል። ካንሰሩ ቢላመድም ከፊሉ አሁንም በመድኃኒቱ ተይዞ ሊኾን ስለሚችል ነው። አዲስ የትንፋሽ ማጠር፣ ደረቅ ሳል እና ትኩሳት ከመጣ ግን ቀጣዩን ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ኪኒኑ ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውን የሚወስነውም ሐኪሙ ነው።

“ቀንሷል” መባልም ቢኾን ድኗል ማለት አይደለም። ኪኒኑ በየቀኑ በሰዓቱ መወሰዱ፣ ክትትሉም በቀጠሮው መቀጠሉ ግድ ነው። “አድጓል” ሲባል ደግሞ ቀዳሚው ሥራ የቆዩትን ፊልሞች ይዞ ሐኪሙ ጋር መቅረብ ነው።